የፕሪንተር አይፒ አድራሻ ምንድን ነው?

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው "ፕሪንተሩ ኦፍላይን ነው ይላል!" የሚል ጩኸት ነው። አንዱ ገመዱን ነቅሎ ይሰካል። ሌላው ወረቀቱን አውጥቶ ይመልሳል። ፕሪንተሩ ግን ደህና ነው፤ የዋይፋይ መብራቱም በርቷል። ብዙ ጊዜ የተቀየረው አድራሻው ነው።

አይፒ አድራሻ ማለት ራውተሩ (ብዙዎቻችን ሞደም የምንለው) ከዋይፋዩ ጋር ለተገናኘ ዕቃ ሁሉ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 192.168.1.7። ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን ሲጭን ይህን ቁጥር ከያዘ፣ ሁልጊዜ ወደዚያው ይልካል።

ችግሩ ቁጥሩ የኪራይ መሆኑ ነው። በሙያው ቋንቋም ስሙ ሊዝ ነው። የመሬት ሊዝ በአሥርት ዓመታት ይቆጠራል፤ የዚህኛው ብዙ ጊዜ በሰዓት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አንዳንዱ ራውተር ለማን ምን እንደሰጠ ይረሳል። ተመልሶ ሲነሳ ቀድሞ የጠየቀው ይወስዳል። ፕሪንተር ለመነሳት ቀርፋፋ ስለሆነ አንዳንዴ ይቀደማል። አንድ ቢሮ የገጠመኝ እንዲህ ነበር፦ የፕሪንተሩን ቁጥር የአንዱ ሠራተኛ ስልክ ወስዶታል። ኮምፒውተሩ የደመወዝ ዝርዝሩን ለስልክ ሊያቀብል ሲታገል አረፈደ። ከሌሎች ስልኮች ግን ፕሪንት ይደረግ ነበር፤ ስልክ ብዙውን ጊዜ ፕሪንተሩን በስሙ ስለሚፈልግ።

ቁጥሩን ለማወቅ ከፕሪንተሩ ሜኑ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የኔትወርክ መረጃውን ገጽ ፕሪንት አድርጉ። ስክሪን የሌላቸው ብዙዎቹ አንድ ቁልፍ ትንሽ ተጭኖ በመያዝ ያወጡታል። ገጹ በቁጥርና በምህጻረ ቃል የታጨቀ ነው፤ አትደንግጡ፣ ሦስት መስመር ይበቃችኋል። ኤስኤስአይዲ የሚለው የዋይፋዩ ስም ነው። ኮምፒውተራችሁ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይተያዩም። ሁለተኛው አይፒው ነው። በ169.254 ከጀመረ ፕሪንተሩ ከራውተሩ ምንም አላገኘም፤ ያንን ቁጥር ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው። ያኔ ፓስዎርዱን እንደገና አስገቡ። ብዙ ቆየት ያሉ ፕሪንተሮች ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ 5 ጊጋኸርዙን ዋይፋይ ጭራሽ አያዩትም። ሦስተኛው ማክ አድራሻ ነው፤ 12 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው መታወቂያ።

መፍትሔው በዚህ መታወቂያ ነው። ወደ ራውተሩ ሴቲንግ ገብታችሁ "ይህ ማክ አድራሻ ሲመጣ ሁልጊዜ ይህን አይፒ ስጠው" ብላችሁ ታስይዛላችሁ። ቁጥሩን ፕሪንተሩ ላይ በእጅ መጻፍም ይቻላል። እኔ አልወደውም፤ ራውተሩ ሳያውቅ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ከሰጠ ሁለቱ ይጋጫሉ።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አሮጌ ቁጥር በአዲሱ ቀይሩ። ዊንዶውስ ላይ በፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፖርትስ የሚለው ጋ ነው። ለዚያ ቢሮ ፕሪንተር 192.168.1.50ን አስያዝን። ቁጥሩንም በማርከር ጽፈን ፕሪንተሩ ግንባር ላይ ለጠፍነው።