ኮፒራይት ትሮል ምንድን ነው? ጠብ ያለሽ በዳቦ

ሰሞኑን አንድ ውይይት ስሰማ ነበር። ጉዳዩ የጋዜጣ ጽሑፍ ያለ ፈቃድ መልሰው የለጠፉ ትንንሽ ድረ ገጾች ላይ ስለሚቀርብ ክስ ነው። ተንታኙ «የሚከሱት ሁሉ ኮፒራይት ትሮሎች ናቸው» አለ። ዝም አልኩ። ቀጠለና «ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ራይትሄቨን የሚባለው ትሮል ተሸንፏል። ፍርድ ቤቱ ዜና መልሶ መለጠፍ ፌር ዩዝ (የባለቤቱን ፈቃድ የማይጠይቅ ሕጋዊ አጠቃቀም) ነው ብሏል። ያለቀለት ጉዳይ ነው» አለ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬም አልጨርሰው። እንጀራዬ የቅጂ መብት ውል ማንበብ ስለሆነ ሳልጠየቅ መናገር ይቀናኛል፤ ታገሱኝ።

ቅጂ መብት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። የፌር ዩዝን አራት መመዘኛዎችም አልዘረዝርም፤ የትም ታገኟቸዋላችሁ። አንዲት ነገር ብቻ ትያዝልኝ። ወሬው የማንም አይደለም፤ ወሬው የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ግን ባለቤት አለው። ድልድይ መፍረሱን ማንም መናገር ይችላል። ጋዜጠኛው ስለ ድልድዩ የጻፈውን ሠላሳ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ማንሳት ሌላ ነገር ነው።

ወደ ትሮሉ። አንድ ገበሬ አለ እንበል። የጎረቤት በሬ ማሳው ገብቶ ጤፉን በላበት። ካሳ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? ሽማግሌ ሳይልክ በቀጥታ ከሰሰ ብለን ልንወቅሰው እንችላለን። ቁጡ ነው፣ ጨካኝ ነው ልንለው እንችላለን። ግን ማሳው የእሱ ነው፤ የተበላውም ጤፍ የእሱ።

አሁን ሌላ ሰው ይምጣ። ማሳ የለውም። አላረሰም፣ አልዘራም፣ አላረመም። ገበሬውን «ማሳህም፣ ምርትህም፣ ገለባህም ያንተው ይሁን። ለእኔ ከብት ሲገባብህ ካሳ የመጠየቁን መብት ብቻ ስጠኝ። የማገኘውን እኩል እንካፈላለን» ይለዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው በየድንበሩ እየዞረ ኮቴ መፈለግ ነው። በሬው ሲገባ ቢያይ እንኳ አይመልስም። ለምን ይመልሳል? በሬው ካልገባ እሱም አይበላም።

ኮፒራይት ትሮል ይህ ሁለተኛው ሰው ነው። «ጠብ ያለሽ በዳቦ» የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስላል። ስለዚህ የራሱን ጽሑፍ የተቀዳበት ጋዜጣ ሲከስ ትሮል ማለት ቃሉን ማባከን ነው። መክሰስ ሰውን ትሮል አያደርግም። ብዙ ካሳ መጠየቅም አያደርግም። መለያው ኑሮው ከማሳው ሳይሆን ከክሱ መሆኑ ነው።

ይህ ኑሮ ሊኖር የቻለውም በአሜሪካ ሕግ አንድ ባሕርይ የተነሳ ነው። ሕጉ ጤፉ ስንት ቁና እንደተበላ ሳይጠይቅ ካሳ ይቆርጣል። ባለመብቱ ሥራውን በጊዜው ካስመዘገበ፣ ጉዳቱን በገንዘብ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊፈረድለት ይችላል። ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ እስከ 150,000 ይደርሳል። በጊዜው ማለት በመሠረቱ ጥሰቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ለታተመ ሥራ ግን ከታተመ በኋላ የሦስት ወር ፋታ አለ። ይህቺን ሦስት ወር ልብ በሉልኝ፤ አንድ ሰው ልብ ብሏታል።

ሰውየው ስቲቭ ጊብሰን የሚባል የላስ ቬጋስ ጠበቃ ነው። በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ራይትሄቨን የሚባል ኩባንያ ይዞ ብቅ አለ። አጋሩ የላስ ቬጋስ ሪቪው ጆርናል ጋዜጣ ባለቤት ስቲቨንስ ሚዲያ ነበር። በኋላ የዴንቨር ፖስት አሳታሚም ገባበት። አሠራሩ ቀላል ነው። የጋዜጣው ጽሑፍ በስንት ድረ ገጽ ላይ እንደተለጠፈ በኢንተርኔት ይፈለጋል። ሲገኝ የዚያ ጽሑፍ መብት ለራይትሄቨን ይተላለፋል፤ ኩባንያው በዚያች የሦስት ወር ፋታ ያስመዘግበዋል፤ ከዚያ ይከሳል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ኮቴው ተገኘ፤ «መብቱ» የተገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

«እባክህ አንሳው» የሚል ደብዳቤ አይላክም። ተከሳሹ ነገሩን የሚያውቀው ክሱ ሲደርሰው ነው። የሚጠየቀውም 75,000 ወይም 150,000 ዶላር ነው፤ በዚያ ላይ የድረ ገጹ ዶሜይን (የአድራሻ ስሙ) ይወረስልኝ ይባላል። በነገራችን ላይ በቅጂ መብት ሕጉ ውስጥ ዶሜይን መውረስ የሚባል ነገር የለም። ለማስፈራራት ግን ጥሩ ነው። ጠበቃ ማቆም ከመስማማት ይበልጥ ስለሚያስወጣ ብዙዎቹ ጥቂት ሺህ ዶላር ከፍለው ተገላገሉ። በሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ270 በላይ ክሶች ተከፈቱ። ተከሳሾቹ ውስጥ ብሎገሮች፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ የቤት ደላላና ጡረተኛ ነበሩ። ለሴኔት የተወዳደረችው ሻሮን አንግል እንኳ አልቀረችም።

ነገሩ የተበላሸው ዴሞክራቲክ አንደርግራውንድ የሚባል የፖለቲካ መድረክ ሲከሰስ ነው። አንድ ተጠቃሚ ሃምሳ ዓረፍተ ነገር ካለው ጽሑፍ አምስቱን ለጥፎ ሊንኩን አስቀምጦ ነበር። አምስት! መድረኩ ግን ከፍሎ አልተገላገለም። ለኢንተርኔት ተጠቃሚዎች መብት የሚሟገተው የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች ቆሙለትና በራይትሄቨንና በጋዜጣው ባለቤት መካከል ያለው ዋናው ውል ይታይ አሉ። ውሉ በሚያዝያ 2011 ለሕዝብ ተገለጠ።

እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የተፈረመው አጭር ወረቀት መብቱ ለራይትሄቨን ተላልፏል ይላል። ዋናው ውል ደግሞ የሰጠውን ሁሉ መልሶ ይወስዳል። ጽሑፉን የማተም፣ የመሸጥና የማከራየት መብት በሙሉ የጋዜጣው ነው። ጋዜጣው ከፈለገ መብቱን ማስመለስም ይችላል። ለራይትሄቨን የተረፈው መክሰስ ብቻ ነው፤ ከወጪ ቀሪውን ገንዘብ እኩል ይካፈላሉ። ማሳ የእኩል ይታረሳል፤ እናውቃለን። የእኩል አራሽ ግን ቢያንስ ያርሳል። ውል ስታነቡ ርዕሱን አትመኑ፤ «ማስተላለፍ» የሚል ርዕስ ስር ምንም ያላስተላለፈ ውል ስንት አይቻለሁ።

ችግሩ ደግሞ አዲስ አልነበረም። ኔቫዳን የሚያጠቃልለው ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2005 አንዲት የስክሪፕት ጸሐፊ ሶኒ ፒክቸርስን በከሰሰችበት መዝገብ መልሶት ነበር። የቅጂ መብት ሳይኖርህ የመክሰስ መብትን ለብቻው ቆርጠህ መግዛት አትችልም። የዴሞክራቲክ አንደርግራውንድን መዝገብ ያዩት ዳኛ ሮጀር ሀንት በሰኔ 2011 ይህንኑ ደገሙት። የራይትሄቨንን «መብቱ የእኔ ነው» ባይነት ሐሰት አሉት፤ ማታለል ነው ለማለትም ብዙ አልቀራቸው። ቀጥሎም የጋዜጣው ባለቤት በክሱ ውስጥ ጥቅም እንዳለው ለፍርድ ቤት ስላልገለጸ ራይትሄቨንን 5,000 ዶላር ቀጡት። ኩባንያው በመሃል ውሉን አሻሽሎ ነበር። አልሠራለትም፤ የመክሰስ መብት የሚለካው ክሱ በተከፈተበት ቀን ባለው ሁኔታ ነው።

በ2013 ነገሩ በሌላ ተከሳሽ መዝገብ ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ደረሰ። ውሳኔው የሚጀምረው አብርሃም ሊንከን ያወሩታል በሚባል ጨዋታ ነው። አንድ ጠበቃ የጥጃዋን ጭራ እግር ብሎ በመጥራት ጥጃዋ አምስት እግር አላት ሊል ሞከረ። ጭራን እግር ስላልከው እግር አይሆንም። ወረቀት ላይ ባለቤት ብለው ስለጻፉህም ባለቤት አትሆንም። ከእኔ በሬ የእነሱ ጥጃ ሳይሻል አይቀርም።

አሁን ወደ ተንታኙ ሁለተኛ አባባል ልምጣ፤ ያናደደኝ እሱ ነው። «ፍርድ ቤቱ መለጠፍ ፌር ዩዝ ነው ብሏል።»

የትኛው ፍርድ ቤት? ይግባኝ የደረሰው መዝገብ የአንድ በቪየትናም ጦርነት የዘመተ ሰው ነው፤ ሙሉውን የጋዜጣ ጽሑፍ በመወያያ መድረክ ላይ ለጥፎ ተከሶ ነበር። የሥር ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ራይትሄቨን የመክሰስ መብት የለውም። ሁለተኛ፣ ለማንኛውም የዘማቹ ድርጊት ፌር ዩዝ ነው። ሰዉ ሁሉ ሁለተኛውን ይዞ ሮጠ። ይግባኝ ሰሚው ግን የመጀመሪያውን አጽንቶ ሁለተኛውን ሰረዘው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሳሹ መክሰስ የማይችል ሰው ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ስለ ፌር ዩዝ የሚወስንበት መንገድ አልነበረውም። ዳኛው ማሳ የለህም ብሎ ካሰናበተህ በኋላ በሬው ጤፉን መብላት ይችል ነበር ወይ ብሎ አይፈርድም። ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት የተሰረዘውን ክፍል ነው።

ሌሎች ሁለት የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔዎች አሉ፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ደላላው ከሠላሳ ዓረፍተ ነገር ስምንቱን ወስዶ ፌር ዩዝ ተብሎለታል። በፖርትላንድ፣ ኦሪገን ያለ የስደተኞች ድርጅትም ሙሉ ጽሑፍ ለጥፎ ነፃ ወጥቷል። ተንታኙ እነዚህን ቢጠቅስ ትንሽ እሰማው ነበር። ነገር ግን የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ሌላውን ዳኛ አያስገድድም። የፖርትላንዱን ደግሞ በደንብ አንብቡት። ዳኛው ካዩአቸው ነገሮች አንዱ ራይትሄቨን ጋዜጣ አለመሆኑን ነው። ጽሑፉን አይሸጥም፤ የሚነጠቅ ገበያ የለውም። ያው ጽሑፍ፣ ያው ድረ ገጽ፣ ከሳሹ ግን ጋዜጣው ራሱ ቢሆን ኖሮ? ያ ሚዛን ሌላ ነው።

አየህ፣ ወንድሜ ተንታኝ፣ ሁለቱ ስህተቶችህ አንድ ናቸው። ከሳሹን ሁሉ ትሮል ስላልክ፣ ትሮሉ ሲሸነፍ ከሳሹ ሁሉ የተሸነፈ መሰለህ። የተሸነፈው ማሳ የሌለው ሰውዬ ነው። ባለማሳው እዚያው አለ።

የእኔ ምሳሌ ፍጹም አይደለም፤ ከመጠየቄ በፊት ልመን። የተበላ ጤፍ ያልቃል፤ የተቀዳ ጽሑፍ አያልቅም። ጋዜጣው ላይ እዚያው ይቀመጣል። የሚጎድለው አንባቢው ነው፤ እናንተ ጋ ካነበበ እዚያ አይሄድም። በሌላ በኩል ጥቂት መስመር ወስዶ ሊንክ የሚያስቀምጥ ሰው አንባቢ ይልካል። በሬው እበት ትቶ እንደመሄዱ ነው፤ ማሳውን ያዳብራል። አሁንስ በሬውን አደከምኩት።

በአሜሪካ ሆነው በአማርኛ ድረ ገጽ ለሚያዘጋጁ ጥቂት ልጨምር፤ ሕጉ እነሱንም ይመለከታል። ተጠቃሚዎች የሚለጥፉበት ገጽ ካላችሁ፣ የአቤቱታ ተቀባይ ስም በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ማስመዝገብ 6 ዶላር ነው፤ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። አቤቱታ ሲመጣ ቶሎ ካነሳችሁ፣ ከተጠቃሚ ለተለጠፈ ነገር ሕጉ ከለላ ይሰጣችኋል። ራይትሄቨን ከከሰሳቸው መድረኮች ብዙዎቹ ይህን አላደረጉም ነበር። ከለላው ግን ራሳችሁ ለለጠፋችሁት አይሠራም። ይህንን ደግሜ ደጋግሜ ብናገርም የሚሰማኝ የለም።

ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በዚያው ቢሮ ሥር አነስተኛ የቅጂ መብት ክርክሮችን የሚያይ ቦርድ አለ። ጣሪያው 30,000 ዶላር ነው። ተከሳሹ በ60 ቀን ውስጥ አልዳኝም ብሎ መውጣት ይችላል። ዝም ካለ ግን ሳይገኝ ሊፈረድበት ይችላል፤ ስለዚህ የመጣውን ፖስታ ክፈቱ።

«እኔ እኮ ተርጉሜዋለሁ» የሚሉም አሉ። የእንግሊዝኛን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ወደ አማርኛ መመለስ ልፋት ነው፤ አውቃለሁ። የመተርጎም መብትም ግን የባለቤቱ ነው። ጽሑፉን አንብቦ፣ ዘግቶ፣ ፍሬ ነገሩን በራስ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ወሬው የማንም አይደለም ብያለሁ።

ተንታኙ ሊሰናበት ሲል «ዋናው ምንጭ መጥቀስ ነው፤ ምንጭ ከጠቀስን ችግር የለም» አለ። ምንጭ መጥቀስ ጨዋነት ነው፤ ፈቃድ ግን አይደለም። በሬው ከማን ማሳ እንደበላ ራሱ ተናገረ ማለት ነው። ከሳሹን ኮቴ ከመፈለግ ያሳርፈዋል።