ሄድ-አፕ ዲስፕሌይ «ዋና የበረራ መሣሪያ» የሚሆነው መቼ ነው?

ሄድ-አፕ ዲስፕሌይ የበረራ መረጃን በአብራሪው ዐይን ፊት ባለ ብርሃን አሳላፊ መስታወት ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሰሞኑን ስለ እሱ እንደገና ያው ክርክር ገጠመኝ። «አብራሪው ከፊቱ ባለው መስታወት አሻግሮ እያየ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ ሄድ-አፕ ዲስፕሌዩ ዋናው የበረራ መሣሪያው ነው» ይላል ሰውየው። አይደለም! ዐይን ፊት መቀመጡ ብቻ ዋና አያደርገውም።

ዋና ማለት አብራሪው አውሮፕላኑን ለማብረር በቀዳሚነት የሚተማመንበት ማለት ነው። ለዚህም ፍጥነት፣ ከፍታ፣ አቅጣጫና የአውሮፕላኑ አቀማመጥ ሳይቋረጡ መታየት አለባቸው። መረጃው ሲበላሽም ማሳያው ራሱ መናገር አለበት። ይህን አብዛኞቹ ያሟላሉ። ከባዱ ፈተና ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ጎኑን ቢጥል ወይም አፍንጫው ቁልቁል ቢደፋ፣ አብራሪው አንዴ አይቶ ሰማዩ በየት በኩል እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ፓኔሉ ላይ ያለው ስክሪን እንደ ካርታ ነው። ሰማይና ምድርን አጥብቦ፣ ሰማያዊና ቡናማ ቀብቶ ያሳያል። ሄድ-አፕ ግን መስኮት ነው። መስታወቱ ላይ አንድ ዲግሪ ማለት ውጭም አንድ ዲግሪ ነው። የአድማሱ መስመር እውነተኛው አድማስ ላይ ልክክ ይላል። አውሮፕላኑ በትክክል ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚያሳየው ምልክትም መንደርደሪያው ላይ ያርፋል። ይህን ካርታ አይሰጥም። ችግሩ፣ መስኮት የሚያሳየው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው። አፍንጫው 60 ዲግሪ ቁልቁል ሲሆን እውነተኛው አድማስ ከመስኮቱ ውጭ ነው። አፍንጫው ስንት ዲግሪ ሽቅብ ወይም ቁልቁል እንደሆነ የሚያሳዩት የዲግሪ መስመሮች ለማንበብ እስኪያስቸግሩ ይሮጣሉ። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ስለሆነ ቀለሙም አይረዳም። መንገድ የጠፋው ሰው መስኮት ላይ አፍጥጦ አይቆምም፤ ካርታ ይዘረጋል።

ስለዚህ ጥሩ ንድፍ በዚህች ሰዓት መስኮቱን ወደ ካርታ ይለውጠዋል። የዲግሪ መስመሮቹን ያቀራርባል፣ የማያስፈልጉ ምልክቶችን ያጠፋል፣ አድማሱ በየት እንዳለ ይጠቁማል። ይቻላል፤ ሲ-130ጄ በተባለው ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን ላይ ሄድ-አፑ በዋና የበረራ መሣሪያነት ጸድቋል። ነገር ግን የሚጸድቀው የዚያ አውሮፕላን ሥርዓት ከነምልክቶቹ እንጂ ቴክኖሎጂው በጥቅሉ አይደለም። ቦይንግ 787 ላይ ለሁለቱም አብራሪዎች ሄድ-አፕ ተገጥሞ እንኳ ስክሪኖቹ ከሥር እንደበሩ ናቸው።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ያ አውሮፕላኑ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚያሳየው ምልክት አፍንጫው ወዴት እንደዞረ አያሳይም። አውሮፕላኑ ሲዘገይ አፍንጫው ሽቅብ ቀና ብሎ ምልክቱ ግን አድማሱ ላይ ጸጥ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ምልክቱን ብቻ የሚያሳድድ አብራሪ ፍጥነቱ ሲያልቅ ላያስተውል ይችላል።

«መረጃውንም ውጭውንም በአንድ እይታ ያያል» የሚለውም ክርክር አያስኬድም። ምስሉ እጅግ ሩቅ እንዳለ ሆኖ ስለሚታይ ዐይን ትኩረቱን መቀያየር አያስፈልገውም፤ ይህ እውነት ነው። ሐሳብ ግን መከፋፈሉ አይቀርም። ናሳ በ1980 ባሳተመው የሲሙሌተር ጥናት፣ በሄድ-አፕ ሲያርፉ ከነበሩት አብራሪዎች አንዳንዶቹ መንደርደሪያው ላይ የቆመውን ሌላ አውሮፕላን ጨርሶ አላዩትም። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ፊት ለፊታቸው ነበር።