የአሳ ዘይት እና ስኳር ያለባቸው የአሜሪካ ሂስፓኒኮች

አሜሪካ ውስጥ ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ የሚባሉት ዘራቸው ከሜክሲኮ፣ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከኩባ፣ ከዶሚኒካን፣ ከኤል ሳልቫዶር ምናምን የሚመዘዝ ሰዎች ናቸው፣ በ2020 ቆጠራ 62 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፣ እና ታይፕ ቱ የሚባለው የስኳር በሽታ እነሱ ጋ በጣም ገብቷል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ እንደሚለው አንድ አሜሪካዊ አዋቂ በህይወት ዘመኑ ታይፕ ቱ የመያዝ እድሉ 40 ፐርሰንት ነው፣ ሂስፓኒክ ከሆነ ግን ከ50 ያልፋል። በጅምላ ማውራት ግን አይቻልም፤ ብሮንክስ፣ ቺካጎ፣ ማያሚና ሳንዲያጎ ላይ ከ16 ሺህ በላይ ሂስፓኒኮች የተመረመሩበት ትልቅ ጥናት በ2014 ባወጣው ውጤት ከደቡብ አሜሪካ የመጡት ጋ 10.2 ፐርሰንት ስኳር ሲገኝ ሜክሲኮዎቹ ጋ 18.3 ነው የተገኘው።

የአሳ ዘይት ለዚህ ህዝብ አዲስ ነገር አይደለም። ኤሙልሲዮን ደ ስኮት የሚባል ነጭ ወፈር ያለ የአሳ ጉበት ዘይት አለ፣ ጠርሙሱ ላይ አንድ ሰውዬ ትልቅ አሳ ጀርባው ላይ አዝሎ የሚታይበት፣ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ስንቱ ልጅ አፍንጫውን ይዞ በማንኪያ ተግቶታል። ስለዚህ ኦሜጋ ስሪ፣ ማለትም የአሳ ዘይት ውስጥ ያለው ስብ፣ በካፕሱል ሲመጣ ከስኳር መድሀኒቱ ከሜትፎርሚንና ከበለስ ቁልቋል ጁሱ ጎን በቀላሉ ቦታ አገኘ። ርካሽ ነው፣ የሀኪም ወረቀት አይፈልግም፣ ከሱፐርማርኬት ይገዛል።

ችግሩ ስኳሬን ያወርድልኛል ብሎ የሚገዛው ሰው ነው። አያወርድም። በ2019 ቢኤምጄ በሚባለው የእንግሊዝ የህክምና መጽሄት ላይ የወጣ ግምገማ 83 ጥናቶችን፣ 120 ሺህ ገደማ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ አይቶ ኦሜጋ ስሪ መጨመር ታይፕ ቱን ለመከላከልም ሆነ ለማከም ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም ነው ያለው፣ እንደውም መጠኑ በጣም ሲበዛ የስኳር ቁጥጥሩን ሊያበላሽ ይችላል የሚል ፍንጭም አለው።

የሚያወርደው ሌላ ነገር ነው፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብ። በአሳ ዘይት ውስጥ ያሉት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉት ሁለት የኦሜጋ ስሪ አይነቶች ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስብ ይቀንሳሉ፣ በቀን 4 ግራም ሲወሰድ ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት ያህል ይወርዳል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፣ ሜክሲኮዎች ጋ ይብሳል። ለምን ይብሳል ለሚለው አንዱ መልስ ፋድስ የሚባሉት ጂኖች ናቸው። ሰውነታችን ከተልባና ከመሳሰሉት የሚያገኘውን የእጽዋት ኦሜጋ ስሪ ወደ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚቀይረው በነዚህ ጂኖች አማካኝነት ነው፣ የአሜሪካ ነባር ህዝቦች ዘር ያለባቸው ሰዎች ጋ ግን ይሄን ቅየራ የሚያዘገየው አይነት በብዛት አለ፣ ስለዚህ የነባሩ ዘር ድርሻ ሲጨምር ደም ውስጥ ያለው ኢፒኤና ዲኤችኤ ያንሳል፣ ትራይግሊሰራይድ ደግሞ ይጨምራል። በወሬ ደረጃ ካየነው እንግዲህ ተዘጋጅቶ የመጣ የአሳ ዘይት ከማንም በላይ ለነሱ ሊጠቅም ይገባ ነበር።

ይሄን ለማረጋገጥ ግን ትላልቆቹ ጥናቶች አልተመቹም። አሴንድ የተባለው ስኳር ባለባቸው 15,480 ሰዎች ላይ፣ በቀን አንድ ግራም ካፕሱል፣ ከ7 አመት በላይ ተሞክሮ የልብና የስትሮክ አደጋን ከወይራ ዘይት የተሻለ አልቀነሰም፣ ግን የተሰራው እንግሊዝ ነው፣ ተሳታፊዎቹም ከሞላ ጎደል ነጮች ናቸው። በ2012 የወጣው ኦሪጅን የሚባለውም በአንድ ግራም ለልብ ጥቅም አላገኘም። ከዛ በ2018 ሪዲውስ ኢት የሚባል ጥናት መጣና ሁሉንም አስደነገጠ፣ ቫሴፓ የሚባል የተጣራ ኢፒኤ በቀን 4 ግራም ሰጥተው የልብ አደጋው 25 ፐርሰንት ወረደ፣ ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ ደግሞ ስኳር ነበረባቸው። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም፣ ለማነጻጸሪያ የተሰጠው ሚነራል ኦይል ራሱ ሌላኛውን ቡድን ጎድቶ ቫሴፓን አሳምሮት ይሆን ወይ የሚል ክርክር ተነሳ፣ በ2020 ደግሞ ስትሬንግዝ የተባለው ጥናት ኢፒኤና ዲኤችኤ ቀላቅሎ፣ ማነጻጸሪያው የበቆሎ ዘይት ሆኖ፣ ጥቅም ስላልታየ በመሀል ተቋረጠ። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። እኔ ግን ባንድ ግራሟ ነገር ብዙ የሚያከራክር አይታየኝም።

ከሱፐርማርኬት የሚገዛውን አንዷን ብልቃጥ አንስቶ ማየት ነው። ፊቷ ላይ በትልቁ 1000 ሚሊግራም ይላል፣ ሲያዞሯት ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120፣ በቃ። የቀረው ሌላ ስብ ነው። በሷ 4 ግራም ኢፒኤና ዲኤችኤ ለመሙላት በቀን 13 ካፕሱል ገደማ መዋጥ ሊኖርበት ነው ሰውዬው! በሀኪም የሚታዘዘው ቫሴፓ ግን ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት ከምግብ ጋር ነው። ይሄኛውን የአሜሪካ የምግብና መድሀኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እንደ መድሀኒት መርምሮ ነው የፈቀደው፣ ሳፕሊመንቱን ግን በ1994ቱ ህግ መሰረት ገበያ ከመውጣቱ በፊት ማንም አያጸድቀውም። እኛም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ኦሜጋ ስሪ የማይጠፋብን ሰዎች ይሄን ጀርባዋን ብናነብ ጥሩ ነው።

ጉዳትም አለው፣ ቀላል ባይሆንም ብዙ አይደለም። አሳ አሳ የሚል ግሳት፣ የሆድ መረበሽ፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ትንሽ የመድማት ስጋት። ዋናው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ነው፣ ሪዲውስ ኢት ላይ በዚህ ምክንያት ሆስፒታል የገቡት 3.1 ፐርሰንት ነበሩ፣ ሳይወስዱ የገቡት 2.1። የአሳ ጉበት ዘይት ደግሞ ቫይታሚን ኤ ስላለበት እንደልብ አይጨመርም።

ምግቡ የተሻለ ነው የሚሉት ሀኪሞች ብዙ ናቸው፣ የአሜሪካ የልብ ማህበርም በሳምንት ሁለቴ አሳ ብሉ ይላል። እዚህ ላይ ግን አሳው ይለያያል፤ ብዙ ላቲኖ በጾማቸው አርብ አርብ ስጋ ትቶ አሳ ይበላል፣ ሞሃራ ፍሪታ ብለው የሚጠብሱት ብዙ ጊዜ ቲላፒያ ነው፣ የኛው ቆሮሶ ማለት ነው፣ ኦሜጋ ስሪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በቲማቲም ሶስ የሚታሸገው ርካሹ ሰርዲን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

በየሰፈሩ ቤት ለቤት የሚዞሩ ፕሮሞቶራ የሚባሉ የጤና ሰራተኞች አሉ፣ አብዛኞቹ ራሳቸው ላቲና ናቸው። ሀኪም ጋ ስትሄዱ ብልቃጡንም ቅጠሉንም ሻዩንም ሁሉንም በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ ብለው ነው የሚመክሩት፣ ምክንያቱም ሰዉ መድሀኒት ትወስዳለህ ወይ ሲባል የአሳ ዘይቱን አይቆጥረውም።