የተተወ የኢንተርኔት ስም ምን ይሆናል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ውስጥ ለሆቴሎች፣ ለክሊኒኮች፣ ለሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዎችና ለማተሚያ ቤቶች የኢንተርኔት ስምና ኢሜይል አዘጋጃለሁ። ድርጅቱን የሚዘጋ ወይም ስያሜውን የሚቀይር ደንበኛ በሚሰናበተኝ ጊዜ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይነግረኛል፦ «አብሽር፣ ዶሜይኑን አታድሰው፤ እኛ ከተውነው ማን ይፈልገዋል?» ይህን አባባል ከፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ሰምቼ ሰልችቶኛል። የሰለቸኝም ስለተደጋገመ ብቻ ሳይሆን፣ ተናጋሪዎቹ ጥንቁቅ ነጋዴዎች ሆነው ሳለ በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ በራቸውን ከፍተው ስለሚሄዱ ነው። ስለዚህ በዙሪያው የሚነገሩትን ስህተቶች ሁሉ በአንድ ላይ ማረም መረጥኩ። ዶሜይን የምለው ከኢሜይል አድራሻ ላይ ከአት (@) ምልክት በኋላ የሚመጣውን፣ በዶት ኮም ወይም በዶት ኢቲ የሚያልቀውን ስም ነው።

«ስሙን ገዝቼዋለሁ፣ የእኔ ነው።» አልገዙትም። ዶት ኮምን የመሰሉ ስሞች የሚመዘገቡት ቢያንስ ለ1 ዓመት፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ የማደሻ ክፍያ ካልተከፈለ የስሙ ባለመብትነትም አብሮ ያበቃል። ለዘላለም የሚሸጥ ዶት ኮም የለም።

«ሆስቲንጉን ከፍያለሁ፣ ስለዚህ ስሙም ተከፍሏል።» ሁለቱ የተለያዩ ሂሳቦች ናቸው። ሆስቲንግ ፋይሎችና የኢሜይል ሳጥኖች የሚቀመጡበት ቦታ ነው፤ ዶሜይን ደግሞ ወደዚያ ቦታ የሚመራው ስም ነው። አንዱ ተከፍሎ የሌላው ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

«ቀኑ ካለፈ በማግስቱ ይወሰዳል» የሚሉ አሉ፤ «በፈለግሁ ጊዜ አስመልሰዋለሁ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የኢንተርኔት ስሞችን ሥርዓት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመራው አይካን የተባለው ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት፣ መዝጋቢው ድርጅት፣ ማለትም ክፍያ ተቀብሎ ስሙን የመዘገበላችሁ፣ ጊዜው ከማለቁ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ካለቀ በኋላም በ5 ቀናት ውስጥ ማስታወሻ መላክ አለበት። ቀኑ ካለፈ በኋላ ለዶት ኮም እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ርዝመቱን የሚወስነው መዝጋቢው በመሆኑ አንዳንዱ ከዚያ ቀድሞ ስሙን ለጨረታ ያቀርበዋል። ስሙ ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ይሰጣል፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው እድሳት ብዙ እጥፍ ነው። በመጨረሻ ማንም ምንም ሊያደርግ የማይችልባቸው 5 ቀናት ይመጣሉ፤ እነርሱ ሲያልቁ ስሙ ለማንኛውም ፈላጊ ክፍት ይሆናል።

ይህ አቆጣጠር ማንንም አይጠብቅም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ስልክም ባንክም ኢንተርኔትም አልነበረም፤ አብዛኛው ሰውም ቤቱን ትቶ ተሰዶ ነበር። መስከረም 25 ቀን ጊዜው ያለፈበትን አንድ ዶት ኮም እናስላ፦ የ45 ቀኑ እፎይታ ኅዳር 10፣ የ30 ቀኑ ማስመለሻ ታኅሣሥ 10 ያልቃል፤ ታኅሣሥ 15 ስሙ ክፍት ነው። ሰው ከስደት ተመልሶ የተዘረፈ ሱቁን ሲጠርግ፣ ማንም ያልከፈተው ማስታወሻ በኢሜይል ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቀኑ ይቆጠር ነበር። ስሙን ለብዙ ዓመት በአንድ ጊዜ ማደስ እንደሚሻል ለደንበኞቼ አጥብቄ የምነግራቸው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ «እኛ ከተውነው ማን ይፈልገዋል?» ወደሚለው።

የሚፈልጉት ብዙ ናቸው፤ ደሴንም ሆነ እናንተን ማወቅ አያስፈልጋቸውም። የሚለቀቁ ስሞችን በየቀኑ የሚከታተሉና ስሙ በተለቀቀበት ቅጽበት በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚይዙ ድርጅቶች አሉ፤ ይህ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። የሚፈልጉት ቃሉን ሳይሆን በስሙ ላይ ለዓመታት የተከማቸውን እምነት ነው። ስማችሁን የጠቀሱ የዜናና የጉዞ ገጾች፣ የጎግል ካርታ ላይ የተቀመጠው አድራሻ፣ የፍለጋ ውጤቶች፣ በደንበኞች ስልክ ውስጥ የተመዘገበው ኢሜይል፣ እነዚህ ሁሉ እናንተ ስትተዉት አብረው አይጠፉም፤ ስሙን ለያዘው ሰው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት በሆነው የኢንተርኔት አርካይቭ መዝገብ ውስጥ የድሮ ገጻችሁ ቅጂ ከነፎቶውና ከነጽሑፉ ሊኖር ስለሚችል፣ አዲሱ ባለቤት ያንኑ ቀድቶ እናንተን መስሎ ሊቀርብም ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ኢሜይሉ ነው፤ በዚህ ላይ በትዕግሥት ማስረዳት እየከበደኝ መጥቷል። ስሙን የያዘ ሰው በዚያ ስም የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ የት እንደሚደርስ ይወስናል። የድሮ የይለፍ ቃላችሁን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ከአት ምልክት በፊት የሂሳብ ሹሟ ስም ይሁን የሥራ አስኪያጁ፣ የሚላከው ሁሉ በአንድ ሳጥን እንዲገባለት ማድረግ ይችላል። በፊት የተላኩት ደብዳቤዎች በሆስቲንጉ ላይ የነበሩ ስለሆኑ አይደርሱትም። ከዚያ ቀን በኋላ የሚላከው ግን በሙሉ የእርሱ ነው።

አንድ የኮምቦልቻ ጉዳይ ላንሳ። ሁለት ወንድማማቾች የሕንፃ መሣሪያ ንግዳቸውን ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው አዲስ ስያሜ አወጡ፤ የድሮው ዶሜይን ሳይታደስ ቀረ። ወራት አልፈው አንድ ደንበኛቸው አድራሻውን ሲከፍት በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ የቁማር ገጽ ገጠመው። ታላቅየው ያን ጊዜም አልደነገጡም፤ «ይቆምሩበት እንግዲህ» አሉ። እኔ ግን ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን የደረሰኝ ጥራዝ ስገልጥ፣ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ በሰማያዊ ቀለም የተመታው ክብ ማኅተም የድሮውን ኢሜይል በዙሪያው ይዞ አየሁት። አዲሱን ስያሜ በቲተር አክለው የድሮውን ማኅተም ይጠቀሙ ነበር። የአዲስ አበባ አቅራቢዎች ከዚያ ደረሰኝ ላይ አድራሻውን እየገለበጡ ፕሮፎርማ ይልኩ ነበር፤ «ላክን» ይላሉ፣ ወንድማማቾቹ «አልደረሰንም» ይላሉ። ደብዳቤው ግን ደርሷል፤ ለማን እንደሆነ ነው ያልታወቀው። ብዙም ሳይቆይ የፌስቡክ ገጻቸው ከእጃቸው ወጣ። ገጹን የከፈቱት በዚያው ኢሜይል ስለነበር፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያው ኮድ ወደ ስሙ አዲስ ባለቤት ነበር የሚሄደው። በወንድማማቾቹ ፎቶ ሥር የቁማር ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ከሰፈር ሰው ጋር ያደረሰባቸውን መሳቀቅ እዚህ አልዘረዝርም።

ስለዚህ ስም ትታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በመጀመሪያ በዚያ ኢሜይል የተከፈቱትን ሁሉ፣ የባንክ፣ የፌስቡክ፣ የጎግል ካርታ፣ የግብርና የጨረታ ምዝገባዎችን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ኢሜይል አዛውሩ። ቀጥሎ ለአቅራቢዎችና ለደንበኞች በጽሑፍ አሳውቁ። ማኅተሙን፣ ቢዝነስ ካርዱን፣ የግድግዳውን ታፔላ ቀይሩ። ይህን ሁሉ ከጨረሳችሁም በኋላ ስሙን ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት እያደሳችሁ ዝም ብላችሁ ያዙት፤ የዶት ኮም የዓመት ክፍያ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። የሚመጡትን ደብዳቤዎች ወደ አዲሱ ሳጥን አስተላልፉና ማን አሁንም በድሮው እንደሚጽፍ ተመልከቱ፤ የሚጽፍ ሰው እስካለ ድረስ ስሙ ለመለቀቅ አልደረሰም። ለሚያውቁት ሰው መሸጥ ወይም በሕጋዊ መንገድ ማስተላለፍም ለማያውቁት ከመልቀቅ የተሻለ ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጎግል አንድ የጂሜይል አድራሻ ከተሰረዘ በኋላ ለሌላ ሰው አይሰጠውም፤ ሰዎችም ዶሜይን እንዲሁ ይመስላቸዋል። ዶሜይን የሚመስለው ግን የሲም ቁጥርን ነው፦ ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሲሰጥ፣ ለቀድሞው ባለቤት የታሰበው ጥሪ በማያውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ይጮኻል።

«የእኛ ዶት ኢቲ ስለሆነ ይህ አይመለከተንም» ለሚሉ፦ ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸው ቀናት የዶት ኮምና የመሰሎቹ ናቸው፤ የየአገሩ ስሞች የራሳቸው ደንብ አላቸው። ደንቡ ይለያያል ማለት ግን ስም ያለ እድሳት ይኖራል ማለት አይደለም፤ የማብቂያ ቀናችሁን እዚያው ጠይቃችሁ ያዙ።

«ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ስሜን ማንም ሊወስድ አይችልም።» ከንግድ ቢሮ የተሰጠው የንግድ ስም ምዝገባ ከኢንተርኔት ስም ምዝገባ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ መዝጋቢው ድርጅት ፈቃዳችሁን አያይም። የሚረዳችሁ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው፤ እርሱም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። በ1999 እ.ኤ.አ. አይካን ባጸደቀው የክርክር መፍቻ ሥርዓት መሠረት፣ ምልክቱ ያለው ሰው ስሙን ለማስመለስ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት አለበት፦ ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም አሳሳች በሆነ መልኩ ተመሳሳይ መሆኑን፣ የያዘው ሰው በስሙ ላይ መብት ወይም ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለው፣ እንዲሁም የመዘገበውም የተጠቀመበትም በክፉ ልቦና መሆኑን። በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል በአንድ ዳኛ ለሚታይ እንዲህ ያለ አቤቱታ ክፍያው ከ1500 ዶላር ይጀምራል። ተገቢው መንገድ አለ፤ ግን 15 ዶላር ላለመክፈል ሲባል የሚገባበት መንገድ አይደለም።

በመጨረሻ፣ «ስሙ በእኔ ስም ነው» የሚሉትን ሁሉ መዝገቡን እንዲያዩ እለምናለሁ። እዚህ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ብዙ የደሴና የኮምቦልቻ ስሞች የተመዘገቡት ሪያድ ወይም ዱባይ ባለ ዘመድ፣ አለዚያም ሥራውን በሠራው ባለሙያ አካውንት ነው። መዝጋቢው ድርጅት የሚያውቀው ያንን ሰው ብቻ ነው፤ ማስታወሻውም ወደ እርሱ ኢሜይል ይሄዳል። ያ ዘመድ ስልኩን ሲቀይር ወይም ባለሙያው ሥራውን ሲተው፣ እናንተ ያልተዋችሁትን ስም እርሱ ትቶባችሁ ታገኙታላችሁ። አካውንቱን በድርጅቱ ስምና በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፤ ያ ኢሜይልም በዚያው ዶሜይን የተከፈተ አይሁን፣ ስሙ ካለፈ ማስታወሻው የሚደርስበት ሳጥንም አብሮ ይዘጋልና።