የሳይበር ትንኮሳ በታዳጊዎች ዘንድ፦ ማን ይጋለጣል፣ ለምን?

የሳይበር ትንኮሳ በስልክ ወይም በኮምፒውተር አንድን ሰው ሆን ብሎ ደጋግሞ ማዋረድ፣ ማስፈራራት ወይም ከጓደኞቹ መነጠል ነው። «ደጋግሞ» የሚለው መስፈርት ኢንተርኔት ላይ እንደ ግቢ ጠብ በቀላሉ አይቆጠርም። ፎቶ የለጠፈው ሰው አንዴ ብቻ ቢልከውም ሌሎች ለቀናት ይቀባበሉታል።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ በ44 አገራትና ግዛቶች የ11፣ የ13 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን በጠየቀው ጥናት 15 በመቶ ያህሉ ደርሶብናል፣ 12 በመቶ ያህሉ ደግሞ ፈጽመናል ብለዋል። ዩኒሴፍ በ2019 እ.ኤ.አ. በ30 አገራት ያሰባሰበው መልስ ከሦስት ወጣቶች አንዱ ደርሶበታል ይላል። ሁለቱን ማወዳደር ግን አያስኬድም፤ አንዱ የተማሪዎች ናሙና ነው፣ ሌላው እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶች በስልካቸው በፈቃዳቸው የመለሱት።

ዋናው የአደጋ ምልክት ያለው ከስልኩ ይልቅ መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው። ግቢ ውስጥ በቅጽል ስም የሚሳቅበት ልጅ ማታ ስልኩንም ሲከፍት ያው ስም ይጠብቀዋል። በአካል መመከት ያቃተው ደግሞ በፌክ አካውንት ብድሩን ይመልሳል፤ ስለዚህ አጥፊና ተበዳይ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ሆነው ይገኛሉ። «ማን ጀመረው?» ብሎ የሚቸኩል መምህር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለቤት ሥራ ተብሎ የተከፈተን የክፍል ቴሌግራም ግሩፕ እንውሰድ። አድሚኑም ተማሪ ነው። አንዱ የጓደኛውን ፎቶ፣ ሲያዛጋ የተነሳውን፣ ስቲከር አድርጎ ይለቃል። አድሚኑ መልእክቱን ቢያጠፋውም ስቲከሩን ያስቀመጠ ሁሉ ነገ መልሶ ይልከዋል። የተጎጂው ፊት ሲለዋወጥ የሚያይ ስለሌለ «ቀልድ እኮ ነው» ማለት ይቀላል።

የቆዳ ቀለም፣ የአነጋገር ዘዬ፣ የአካል ጉዳትና የቤተሰብ ኑሮ መሳለቂያ ይሆናሉ። ለፍቅረኛ ወይም ለጓደኛ ፓስወርድ መስጠት ሌላው መንገድ ነው፤ ሲጣሉ አካውንቱ በሌላ እጅ ይቀራል። ቲክቶክና ፌስቡክ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅዱም፣ ልጆች ግን የትውልድ ዓመታቸውን ቀይረው ይገባሉ። ድብርት መንስኤም ውጤትም ሊሆን ስለሚችል የትኛው እንደቀደመ መለየት ያስቸግራል።

ቤት ውስጥ ጉዳቱን የሚያራዝመው ዝምታው ነው። ልጁ የማይናገረው «ስልኬን ይቀሙኛል» ብሎ ስለሚፈራ ነው፤ ስልኩን መንጠቅም ፍርሃቱን እውነት ያደርግበታል። ከዚያ ይልቅ መጀመሪያ ስክሪን ሾት ይነሳ። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል ማስረጃው ሳይቀመጥ ብሎክ ማድረግ አይበጅም። የሚታየው ስም ብቻውን ስለማይበቃ በ«@» የሚጀምረው ዩዘርኔም፣ ቀኑና ሰዓቱም አብረው ይያዙ። ቀጥሎ ሪፖርትና ብሎክ፣ ከዚያም በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ የማያውቁትን ስልክ ከአካውንቱ ማስወጣት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በኮምፒውተር አማካይነት ማስፈራራትንና ደጋግሞ ማስጨነቅን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ይቀጣል። በወንጀል ሕጉ ግን 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ላይም የአዋቂ ቅጣት አይወሰንም። በዚህ ዕድሜ የሚነሳው ጉዳይ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚደርሰው የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት በሚከታተለው የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ጠረጴዛ ላይ ነው።