በስዊዝ ቦይ መርከብ የሚመሩ ዲጂታል መሣሪያዎች

እ.ኤ.አ. በ1869 የተከፈተው የስዊዝ ቦይ 193 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከአውሮፓ ተጭኖ በጅቡቲ የሚገባልን ዕቃም በደህና ጊዜ የሚያልፈው በዚሁ ነው። መርከቦች በቦዩ ውስጥ ተሰልፈው በተወሰነ ርቀት ይከታተላሉ፤ እንቅስቃሴያቸውን በኢስማኢሊያ ያለው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ማዕከል በራዳርና በሬዲዮ ይከታተላል።

በሰፊ ባሕር ላይ ካፒቴኑ ያለበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ስህተት ቢያውቅ ይበቃዋል። ቦይ ውስጥ ሲገባ የመርከቧ የኋላ ጫፍ የት እንደሚያርፍም ማወቅ አለበት። 400 ሜትር ርዝመትና 59 ሜትር ስፋት ያላት መርከብ ነፋስ ገፍቷት 5 ዲግሪ ብቻ ዘመም ብላ ብትጓዝ፣ ውኃው ላይ የምትይዘው ስፋት 94 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በደኅና ቀን ሰፊ የሚመስለው ቦይ የሚጠበው እንዲህ ነው።

ኤክዲስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ካርታ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2018 ድረስ በዓለም አቀፍ መስመር በሚሠሩ ትላልቅ መርከቦች ላይ ደረጃ በደረጃ ግዴታ ሆኗል። ኤአይኤስ ደግሞ የመርከቧን ስም፣ ቦታና ፍጥነት በየጥቂት ሰከንዱ በሬዲዮ ያሰራጫል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ለጠባብ ቦይ ግን ብቻቸውን አይበቁም። የጂፒኤስ አንቴናው መርከቧ ላይ የተተከለበት ቦታ በስህተት ከተመዘገበ፣ ካርታው ላይ መላዋ መርከብ ከእውነተኛ ቦታዋ ፈቀቅ ብላ ትታያለች። ኮምፓሱም 1 ዲግሪ ቢሳሳት በ400 ሜትር ርዝመት ላይ የ7 ሜትር ልዩነት ያመጣል።

በብዙ ወደቦችና ቦዮች ፓይለቶች፣ ማለትም አካባቢውን በደንብ የሚያውቁና መርከቧን ለመምራት የሚሳፈሩ ባለሙያዎች፣ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው የሚሳፈሩት በዚህ ምክንያት ነው። ታብሌትና ሁለት ትናንሽ አንቴናዎች ናቸው፤ አንቴናዎቹ ተራርቀው ይቀመጡና በመካከላቸው ካለው መስመር የመርከቧ አፍንጫ የዞረበት አቅጣጫ ይሰላል። በእኔ ግምት ዋናው ቁም ነገር ትንበያው ነው፦ አሁን ባለው ፍጥነትና የመዞር ፍጥነት መርከቧ ከደቂቃ በኋላ የት እንደምትሆን ቅርጿ በካርታው ላይ ይሳላል። ከባድ መርከብ ለመሪ ትእዛዝ ዘግይታ ስለምትመልስ፣ መዞር መጀመሯ በዓይን እስኪታይ መጠበቅ አያዋጣም።

ኤቨር ጊቭን የተባለችው ግዙፍ የኮንቴይነር መርከብ መጋቢት 23 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ቦዩን ስትዘጋ ሁለት የግብፅ ፓይለቶች ተሳፍረው ነበር። ኃይለኛ ነፋስ ከአሸዋ ጋር ይነፍስ ነበር፤ የተደራረበው ኮንቴይነር እንደ ሸራ ነፋሱን ተቀበለ። ከመቆሟ በፊት ፍጥነቷ ከ12 ኖት (በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ደርሶ ነበር። ፍጥነት ሲጨመር መሪው የተሻለ ይሠራል፤ ነገር ግን መርከቧ ውኃው ውስጥ ዝቅ ትላለች፣ ወደ ዳር ስትጠጋም ኋላዋ ወደ ዳሩ ይሳባል፣ አፍንጫዋ ወደ ማዶ ይገፋል። ትንበያው አሁን ያለውን እንቅስቃሴ ወደ ፊት ስለሚያራዝም፣ ገና ያልደረሰ የነፋስ ግፊትን አይቆጥርም።

ጂፒኤስ የሚሠራበት የሳተላይት ምልክት የሚረበሽበት ጊዜም አለ። ያኔ ራዳርና ዓይን ይቀራሉ፤ ራዳር ከሳተላይት ምንም አይጠብቅም። ፓይለቱ በስዊዝ አማካሪ ነው፤ ለመርከቧ ተጠያቂው ካፒቴኑ ነው። በፓናማ ቦይ ግን መርከቧን የሚያዝዘው ፓይለቱ ነው። ከ2021ዱ አደጋ በኋላ የስዊዝ ቦይ ባለሥልጣን የደቡቡን ክፍል በ40 ሜትር ለማስፋትና ጥልቀቱን ከ66 ወደ 72 ጫማ ለማድረስ ቁፋሮ ጀመረ።