የአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ «ጊዜው አለፈበት» ሲባል ምን ማለት ነው?

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሚሠራው ኮንግረስ በሚሰጠው፣ የጊዜ ገደብ ባለው ፈቃድ ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች በአዲስ ሕግ ካልተስማሙ አጭር ማራዘሚያ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. 2007 ላይ ያበቃው ፈቃድ በዚህ መንገድ 20 ጊዜ ተራዝሞ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2011 ላይ ግን ሳይታደስ ቀረ።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲባል አውሮፕላን የሚቆም ይመስለዋል። አይቆምም። የበረራ ተቆጣጣሪዎች ሥራቸውን ቀጥለው ነበር። ወደ 4,000 የሚጠጉ ሌሎች ሠራተኞች ግን ያለ ደሞዝ ቤት ዋሉ። የኤርፖርት ግንባታዎች ተቋረጡ። የኤርፖርት ደህንነት የሚፈትሹ ባለሙያዎች ደግሞ ያለ ደሞዝ፣ የጉዞ ወጪያቸውን ከራሳቸው ኪስ እየሸፈኑ ሠሩ። ይሄ በጣም ያሳዝናል።

ሰው የሚምታታበት ታክሱ ላይ ነው። በአገር ውስጥ ትኬት ላይ የሚከፈለውን 7.5 በመቶ የመሰብሰብ ሥልጣንም አብሮ አበቃ። ከ200 ዶላር ትኬት ላይ 15 ዶላር መቀነስ ነበረበት ማለት ነው። ለተሳፋሪው ግን አልረከሰለትም። አብዛኞቹ አየር መንገዶች በዚያው ልክ ዋጋ ጨመሩ። ለኤርፖርቶች የሚውለው ፈንድ ገቢውን አጣ። ማራዘሚያው የጸደቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።